የግማሽ ነጥብ ክርክር

ቅዳሜ ማታ ደሴ ብርዱ ጋቢ ያስደርባል፤ ጦሳ ጉም ለብሷል። እኛ ጀበና ቡና ቤት ውስጥ ከሰሉን ከበን ኳስ እስኪጀምር እንጠብቃለን። ቲቪው ስኪ ፍላይንግ ላይ ነው፤ በበረዶ መንሸራተቻ ተንደርድሮ ከመዝለያ ላይ በአየር ርቆ የመብረር ውድድር ነው፤ ፈልጎ የከፈተው እንኳ የለም።

«ይሄ መብረር ነው መውደቅ?» አሉ ቡና የሚያፈሉልን እትዬ፣ ረከቦቱን እያስተካከሉ። ግማሹ እውነታቸውን ነው። ሰውየው በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተንደርድሮ ይለቃል፤ ቁልቁለቱም ከሥሩ አብሮት እየወረደ ስለሚሄድ ከበረዶው ብዙም አይርቅም።

የኮምቦልቻ መስመር ሹፌር የሆነው ወዳጃችን ሪከርዱን ጠየቀ። አስተማሪው መለሰ፦ 254.5 ሜትር፣ ስሎቬንያዊው ዶመን ፕሬቭትስ፣ ፕላኒትሳ ላይ፣ በፈረንጆቹ 2025። ሁለት ኳስ ሜዳ አልፎ ሦስተኛው ውስጥ ገባ ማለት ነው።

ሹፌሩ ስልኩን አወጣ። «ውሸት! ጃፓኑ ኮባያሺ በ2024 አይስላንድ ላይ 291 በሯል፣ ይኸው ቪዲዮው!»

«እሱማ ለዚያ ተብሎ በተሠራ ቁልቁለት ነው። ውድድር አልነበረም፣ የዓለም የስኪ ፌዴሬሽኑም አልመዘገበለትም።»

«ኧረ በአላህ! የአይስላንድ ሜትር አጭር ነው እንዴ?»

ሳቅን። አስተማሪው ግን ነገር አያበርድም፣ የ2020ውን የዓለም ሻምፒዮና አመጣ። ፕላኒትሳ ላይ፣ በሁለት ቀን አራት ዙር ተበርሮ፣ ጀርመናዊው ካርል ጋይገር ኖርዌያዊውን ግራኔሩድን በ0.5 ነጥብ በለጠው። አንድ ሜትር 1.2 ነጥብ ነው። ርቀት ደግሞ የሚለካው በግማሽ በግማሽ ሜትር ስለሆነ ትንሿ እርምጃ 0.6 ነጥብ ታወጣለች። ልዩነታቸው ከእሷም አነሰ!

ሹፌሩ ስኒውን አስቀመጠና «በቃ ያሸነፈው ዳኛው ነው!» አለ። አምስት ዳኞች ለመብረሩና ለማረፉ ውበት ከ20 ከ20 ይሰጣሉ፣ ትልቁና ትንሹ ይጣላል፣ ንፋሱም ይደመራል ወይ ይቀነሳል ሲባልማ ጭራሽ ባሰበት። «ንፋስም ይከፈለዋል?»

እኔ ዝም ብዬ ቆይቼ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት የሚያወርደን ሹፌር ስንመርጥ ማን ቶሎ ወረደ ብለን ነው እንዴ የምንጠይቀው ስለው «ያ ሌላ ነው» ብሎ ፊቱን አዞረ፣ ግን ፈገግ አለ።

ያየሁትን ልንገራችሁ። ቲቪው ላይ ያለው ልጅ ከ200 ሜትር በላይ በርሮ ሲያርፍ አንድ እግሩን ቀደም፣ ጉልበቱን ሸብረክ አድርጎ፣ እጆቹን ዘረጋ። ቴሌማርክ ይሉታል፤ ያላደረገ ነጥብ ይቀነስበታል። ለእኔ ይህ ነጥብ ሲያንሰው ነው። ለ291ዱም አጨበጭባለሁ፣ ወላሂ ጉድ ነው፤ ሻምፒዮን ግን አልለውም፣ ከሌላው ጋር በአንድ ቁልቁለት፣ በአንድ ቀን አልተለካማ። ሹፌሩ የሚያሸንፈኝ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ አራት ዙር በርሮ ከትንሿ መለኪያ ባነሰ ልዩነት የተሸነፈን ሰው የብር ሜዳሊያ አንጠልጥዬ አልሸኝም። እኔ ብሆን ለሁለቱም ወርቅ ነበር።

ይህን ስል አስተማሪውም ተቆጣኝ።