አብሽሩ፣ ደማችሁ ኖርማል ነው!

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደሴ የራጅ ባለሙያዎች ለስብሰባ ተጠርተው ነበር። የተቋሙን ስም አልጠራም። የተባለውን ግን መዋጥ አቅቶኛል።

ባለሙያዎቹ ደረታቸው ላይ የሚያደርጉት የጨረር መለኪያ ባጅ እስካሁን በየሦስት ወሩ ተልኮ ይነበብ ነበር። ከእንግዲህ በዓመት አንዴ ይበቃል ተብሏል። ወጪ ለመቀነስ ነው አሉ። በምትኩ በዓመት አንዴ በነጻ ደማቸው ይመረመራል። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ተናገረች። ዲውቲው በዝቷል፣ እንቅልፍ የለም፣ አንድ ሰው የሦስት ሰው ሥራ ይሠራል፣ በዚህ ላይ ጨረሩ አለ፣ ሰውነታችን አልቻለም አለች። የኃላፊው መልስ ይህች ናት፦ «አብሽሩ፣ የሁላችሁም ደም ኖርማል ነው። ጭንቀት እንደሆነ ደሴ ውስጥ የማይጨነቅ ማን አለ?»

አብሽሩ! እኛ ወሎዬዎች ይህን ቃል የምንለው ለታመመ፣ ለከሰረ፣ ሰው ለሞተበት ነው። ደግ ቃል ነው። ጨረር ግን አይለካም።

እኔም 11 ዓመት ራጅ ክፍል ሠርቻለሁ። ስለዚህ ገለልተኛ ነኝ ብዬ አላደክማችሁም።

ኃላፊው አንድ ሌላ ነገር ጣል አድርጓል። «ደሴ ከፍታ ላይ ናት፤ ከሰማይ የሚወርደው ጨረር ራሱ ከራጁ አይተናነስም» ብሎ አዳራሹን አስቋል። እንግዲህ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከፍታ ሲጨምርም ከጠፈር የሚመጣው ጨረር ይጨምራል። ልክ ነው። የዓለም ሕዝብ ከአፈሩም፣ ከአየሩም፣ ከሚበላውም፣ ከጠፈሩም በአማካይ በዓመት 2.4 ሚሊሲቨርት (ሰውነት የተቀበለው ጨረር የሚለካበት ነው) ያገኛል። ታዲያስ? ለጨረር ሠራተኛ የተቀመጠው ጣሪያ በአምስት ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ነው። እሱም የሚቆጠረው ከዚህ ከተፈጥሮው ውጪ ነው። ከጦሳ ተራራ አናት የሚወርደው በዝቷል ካልን ከራጅ ክፍል የሚጨመረውን አጥብቀን መቁጠር ነበረብን። ክረምቱ ከብዷል ተብሎ የውሃ ቆጣሪ ሲነቀል አላየሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። «ደማችሁ ኖርማል ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

ጨረር ሰውነት ውስጥ ሲገባ ከሁሉ ቀድመው ከሚጎዱት አንዱ መቅኔ ነው፤ ደም የሚሠራበት ቦታ። ደም ውስጥ ካሉት ደግሞ ቶሎ የሚያልቁት ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ስለዚህ ብዙ ጨረር በአንድ ጊዜ የመታው ሰው ሊምፎሳይቱ በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ሲወርድ ይታያል። ብዙ ስል ግን ስንት? ቁጥሩ በግልጽ እንዲወርድ ሰውነት በአንድ ጊዜ 500 ሚሊሲቨርት ያህል መቀበል አለበት። ይህ የ25 ዓመት ጣሪያ በአንድ ቀን ሲወርድብህ ነው! ከዚያ በታች ሲቢሲው፣ ማለትም የደም ሴል ቆጠራው፣ ምንም አይልም። በዓመት 30 ወሰድክ፣ 40 ወሰድክ፣ ወረቀቱ «ኖርማል» ይልሃል። ባጁ ግን ይናገራል። ልዩነቱ ይኸው ነው። ደም ምርመራውን በባጁ ቦታ መተካት ማለት ጅብ ከሄደ የሚጮህ ውሻ መቅጠር ነው።

ሌላም አለ። ቀይ የደም ሴል ዕድሜው 120 ቀን ገደማ ነው። ደም የሚያረጋው ፕላትሌት አሥር ቀንም አይሞላው። በመስከረም ከተቀዳ ደም ውስጥ ጥር ላይ የነበረ ቀይ የደም ሴል አንድም አይገኝም። ታዲያ በዓመት አንዴ የተቀዳ ደም የዓመቱን ታሪክ ከየት አምጥቶ ይነግረናል? ዓመት ሙሉ የተደረገውን የሚያስታውሰው መቅኔ ውስጥ ያለው እናት ሴል ነው። እሱ ላይ የደረሰ ጉዳት ደግሞ ለዓመታት ዝም ይላል። ሂሮሺማና ናጋሳኪ ላይ እ.ኤ.አ. በ1945 ቦምብ ከተጣለ በኋላ የደም ካንሰር መብዛት የጀመረው ከሁለት ዓመት ገደማ በኋላ ነው። ጣሪያ የነካው ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። «ያ ቦምብ ነው፣ የእኛ ራጅ ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ። እ.ኤ.አ. በ2015 የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የአሜሪካ ከ300,000 በላይ የኒውክሌር ሠራተኞች የተጠኑበት ሥራ ወጥቷል። እነዚህ ሰዎች ቦምብ አልወረደባቸውም። ጥቂት ጥቂት እያሉ ለዓመታት የወሰዱ ናቸው። የደም ካንሰር ሥጋታቸው ከወሰዱት መጠን ጋር አብሮ ከፍ ሲል ነው የተገኘው። ያ ጥናት ሊሠራ የቻለው ደግሞ የእያንዳንዱ ሰው ባጅ ዓመቱን ሙሉ ተነቦ ስለተመዘገበ ነው። ባጅ!

ጭንቀቱስ? ኃላፊው እንደ ቀልድ ያለፈው እሱን ነው። እኔን ያናደደኝም እሱ ነው።

ሰው ለወራት ሲጨነቅ ኮርቲሶልና አድሬናሊን የሚባሉት የጭንቀት ሆርሞኖች አይረጉም። እነዚህ ሁለቱ ደሙን ያምሱታል። ኒውትሮፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ይበዛሉ፣ ሊምፎሳይት ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2014 ኔቸር ሜዲስን በሚባል የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት አይሲዩ፣ ማለትም የጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ የሚሠሩ ሐኪሞችን ደም አይቶ ነበር። በሥራ ጫና ወቅት ነጭ የደም ሴላቸው ጨምሮ ነው የተገኘው። በአይጦች ላይ ሲታይም ጭንቀቱ መቅኔ ድረስ ወርዶ እናት ሴሎቹን ያነቃቃል።

አሁን ይህን ወደ እኛዋ ልጅ አምጡት። ለምሳሌ ያህል ነጭ የደም ሴሏ 7,000 ነበር እንበል። ኒውትሮፊል 4,000፣ ሊምፎሳይት 2,400፣ ሌላው 600። ከዓመት ዲውቲ በኋላ ኒውትሮፊሉ 5,000 ገባ፣ ሊምፎሳይቱ 1,400 ወረደ። ድምሩ? አሁንም 7,000። ኖርማል። ሊምፎሳይቷ በ1,000 ወርዷል፣ ወረቀቱ ላይ ግን አንድም ቀይ ምልክት የለም። ጨረርና ጭንቀት ሁለቱም የሚቀንሱት ያንኑ ሴል ነው። የጭንቀቱ ጭማሪ ደግሞ ጉድለቱን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከሁሉም ሰው ደም በላይ የሚዋሸው የተጨነቀ ሰው ደም ነው። ኃላፊው «ሁሉም ይጨነቃል» ሲል የገዛ ምርመራውን እያፈረሰ መሆኑን አላወቀም።

ጭንቀት የደም ካንሰር ያመጣል አላልኩም። እንደዚያ የሚያስኬድ ማስረጃ የለም። ያልኩት ሌላ ነው፤ ሰውየው መለኪያውን ጥሎ የያዘው ነገር በጭንቀት የሚንሻፈፍ ነው።

ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢኑንም ብታዩት ያው ነው። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ሄሞግሎቢኑ አብዛኛውን ጊዜ በተፈጥሮ ከፍ ይላል። ለዚህ ነው የዓለም ጤና ድርጅት የደም ማነስን ከፍታው ታስቦ ተቀንሶ እዩ የሚለው። ለሴት መነሻው በዴሲሊትር ደም 12 ግራም ነው። በደሴ ከፍታ ከተለካው ቁጥር ላይ ከአንድ ግራም በላይ ይቀነሳል። ስለዚህ 12.3 ይዛ «ኖርማል» የተባለች የደሴ ሴት በዚህ ስሌት ደም ማነስ አለባት። ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ፣ 25 ኪሎ ሜትር ብቻ ርቃችሁ፣ የሚቀነሰው ሌላ ነው። ስንቱ ላቦራቶሪ ነው ይህን የሚቀንሰው? ስብሰባው ላይ የጠየቀ አልነበረም።

ክፍሉ በደንብ ከተሠራ፣ በሩ ከተዘጋ፣ ባለሙያው ከግድግዳው ጀርባ ከቆመ የሚደርስበት ጨረር ትንሽ ነው። ይህን አልክድም። ግን ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚንፈራገጥ ሕፃን ይመጣል። እናትየው ነፍሰ ጡር ናት። አባትየው እጁ ይንቀጠቀጣል። ማን ይያዝ? ለ20 ሰዓት ያልተኛችው ልጅ ትይዛለች። ሊዱን፣ ጨረር የሚከላከለውን የእርሳስ ሽርጥ፣ ለመልበስም አቅም የላትም፤ ከባድ ነው፣ ደግሞ ተሰንጥቋል። እኔ ስንቴ እንዲህ እንደያዝኩ አላስታውስም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር በጦርነቱ ከተማዋ ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ሥራ ስንጀምር ሊድ የሚባል ነገር ጭራሽ አልነበረም። የደከመ ሰው አቋራጭ ይሄዳል። ጭንቀቱ ጨረሩን ይጠራዋል። እነዚያን ሌሊቶች የሚመዘግብ ባጁ ብቻ ነው። እሱ በሦስት ወር ሲነበብ «ምን ተፈጠረ?» ተብሎ ይጠየቃል። በዓመት ሲነበብ ግን ሰኔ ላይ የመጣን ቁጥር ይዞ የመስከረምን ሌሊት ማን ያስታውሳል?

ወጪውንም ቢሆን እንነጋገርበት። ባለፈው ሳምንት አዳራሹ ውስጥ የታሸገ ውሃ ነበር፣ ብስኩት ነበር፣ ባነር ነበር። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሏል ይህ ነው።

ስብሰባው በሚቀጥለው ወር ይቀጥላል ተብሏል። የባጅ ንባብ ወረቀቶቼን አውጥቼ አስቀምጫለሁ፤ የ11 ዓመት፣ በየሦስት ወሩ የተነበበ። ሁለቱ ላይ ቁጥሩ ዘሎ ይታያል። በእነዚያ ዓመታት የተመረመርኩት ደም ደግሞ፣ አዎ፣ ኖርማል ነበር። ካስገቡኝ ሁለቱንም ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለሁ።