ሰፊው ጎማ ለዘላለም ይኑር!

ለእነዚህ ሰዎች እስካሁን ሜዳልያ አለመሰጠቱ ይገርመኛል። የማወራው ስለ ፎር ዊል ድራይቭ ባለቤቶች ነው። ስለ ሁሉም ግን አይደለም። መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የመጣውን ጎማ አይተው «ይሄ የብስክሌት ነው እንዴ?» ብለው ስለሳቁቱ ብቻ ነው። ስቀው ብቻ አልቀሩም። በማግስቱ የሚያስፈራ ሰፊ ጎማ አስገጠሙ። ጎማው የሚታሰርበት ብረት፣ ቸርኬው ግን ያው የድሮው ነው።

የጀግኖቻችን የምህንድስና መመዘኛ አንድ ብቻ ነው። ገባ ወይስ አልገባም? ጎማው 16 ይላል፤ ቸርኬውም 16 ይላል። ንፋስ ሲሞላ የጎማው ጠርዝ «ጧ! ጧ!» ብሎ ቦታውን ያዘ። ቡሎኑ ታሰረ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? 16 የቸርኬው ዲያሜትር ብቻ ነው፣ ቸርኬ ወርድም አለው የሚል ሰው ከተገኘ ቀናተኛ ነው። አንድ ጎሚስታ «የቸርኬህ ወርድ ስንት ኢንች ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ደንበኛው ሥራ አያውቅም ብሎ ጥሎት ይሄዳል። ደግሞም ልክ ነው። ሥራ የሚያውቅ ሰው ይገጥማል እንጂ አይጠይቅም።

አምራቾቹም እኮ አበዙት። ጎማው ጎን ላይ 285/75 አር16 ብለው ይጽፋሉ። 285 ስፋቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። 75 የጎኑ ከፍታ ነው፣ ከስፋቱ በመቶኛ ተሰልቶ። 16 የቸርኬው ዲያሜትር ነው፣ በኢንች። እዚህ ላይ ቢያቆሙ ምን ነበረበት? አያቆሙም። ሰንጠረዥ ያወጣሉ። ይህ ጎማ የሚታሰረው ወርዱ ከ7.5 እስከ 9.5 ኢንች በሆነ ቸርኬ ላይ ነው ይላሉ። 285 ያልነውም 8 ኢንች ቸርኬ ላይ አስረን ስንለካው ነው ይላሉ። የቸርኬው ወርድ ደግሞ ራሱ ቸርኬው ላይ ተጽፏል። ብዙ ጊዜ ከጀርባው በኩል ነው፣ 7ጄ ወይም 8ጄ ተብሎ። ለማንበብ ጎንበስ ብሎ ጭቃ መጥረግ ያስፈልጋል። ጀግና ደግሞ ጭቃ አይጠርግም። ጀግና ጭቃ ይረጫል።

የመጀመሪያውን ጀግናችንን እናወድስ። ይህ ሰው ያለው ቸርኬ ወርዱ 6 ኢንች ነው። የገዛው ጎማ 285 ነው። ቸርኬ በግማሽ ኢንች በጠበበ ቁጥር ጎማው 5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይከሳል። ከ8 ወደ 6 ለመውረድ አራት ግማሽ ኢንች አለ። አስሉት። 285 ተብሎ የተገዛው ጎማ መኪናው ላይ ሲወጣ 265 ሆነ። ሰውየው የ285 ከፍሎ 265 ይነዳል፤ የቀረችውን 20 ሚሊ ሜትር ለአምራቹ መርቆለታል። እንዲህ ያለ ለጋስ ከየት ይገኛል?

ልግስናው በዚህ አያበቃም። ይህ ስፋት የሚለካው ከጎን እስከ ጎን ነው፤ መሬት የሚነካው ጥርስ መጀመሪያውኑም ከዚያ ያንሳል። ጠባብ ቸርኬ ደግሞ ጎማውን ከግራና ከቀኝ ቆንጥጦ ሲይዘው፣ ቀበቶ አጥብቆ እንደታጠቀ ቦርጫም ጎኑ ተርፎ ይፈሳል። ጥርሱ መሃል ለመሃል ይጎብጣል። ዳርና ዳሩ ከመሬት ይሸሻል።

ጠመኔ ይዞ የሚመጣ ነገረኛ አይጠፋም። ከጎማው ዳር እስከ ዳር ጥርሱ ላይ ወፈር ያለ መስመር ያሰምራል። ከዚያ መኪናውን ደልዳላ አስፋልት ላይ ቀስ አድርጎ ትንሽ ወደ ፊት ያስነዳል። ወርደው ያያሉ። መሃሉ ላይ ጠመኔው ተፍቆ ጠፍቷል። ግራና ቀኝ ግን ሦስት ሦስት ጣት የሚያህል መስመር ንክች ሳይል ነጭ እንደሆነ ቁጭ ብሏል። ያ ሁሉ ላስቲክ መሬት የሚባል ነገር አላየም ማለት ነው። ጀግናችን ጎንበስ ብሎ መረመረና ምን ቢል ጥሩ ነው? «አየህ አይደል? ዳሩ እኮ ገና አዲስ ነው!»

መፍትሔ ግን አያጣም። «ንፋስ ቀንስለት» ይላል። ንፋስ ሲቀነስ ጥርሱ ትንሽ ይተኛል፣ እውነት ነው። ጎኑ ደግሞ በእያንዳንዱ ዙር ሲታጠፍና ሲዘረጋ ይግላል። ረጅም አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ ግለቱ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጎማን እንደ ግለት የሚያጠፋው ነገር ደግሞ ጥቂት ነው። ኩርባ ላይ ያለውን ትዕይንትማ ከውስጥ ሆኖ ማየት ነው። መሪው ዞሯል። ቸርኬውም ዞሯል። ጎማው ገና እየመጣ ነው። በመሃል የምትገኘው ጊዜ አጭር ብትሆንም አንድ ጸሎት ታደርሳለች።

ሁለተኛው ጀግና የተገላቢጦሽ ነው። እሱ ጎማ ሳይሆን ቸርኬ ነው የወደደው። 10 ኢንች ወርድ ያለው፣ የሚያብረቀርቅ። ጎማው ግን 265/70 አር16 ነው፣ ሰንጠረዡ ከ7 እስከ 9 ኢንች የሚፈቅድለት። 10 ኢንች ማለት 254 ሚሊ ሜትር ነው። እንግዲህ ያ ጎማ እንዴት እንደሚወጠር አስቡት። ጎኑ ተወጥሮ፣ ቸርኬው ከጎማው ጎን እኩል ለመሆን ምንም አይቀረው። እስከ ዛሬ ጎማ ቸርኬን ከድንጋይ የሚጠብቅ ይመስለን ነበር። እዚህ ቸርኬው ነው ጎማውን የሚጠብቀው። ጉድጓድ ሲመታ ሊለጠጥ የሚገባው የጎማ ጎን አስቀድሞ ስለተወጠረ ድንጋጤውን ቸርኬውና የተሳፋሪው ወገብ እኩል ይካፈሉታል። አሸዋ ውስጥ ንፋስ ቀንሶ ሲገባ ደግሞ የተወጠረው ጠርዝ ከቸርኬው ላይ ሊላቀቅ ይችላል። ንፋሱ አንዴ እፍፍ ብሎ ይወጣል። ፎር ዊሉ ስሪ ዊል ሆነ።

በነገራችን ላይ፣ ከመንገድ ውጪ መንዳት የሚያውቁ ሰዎች አንዳንዴ ሆን ብለው ጠበብ ያለ ቸርኬ ይመርጣሉ። ንፋስ ሲቀንሱ ጠርዙ እንዳይላቀቅ፣ ቸርኬውም በጎማው ጎን እንዲከለል ነው። የሚመርጡት ግን ሰንጠረዡ ከሚፈቅደው ሳይወጡ ነው። ሰንጠረዥ ከሚያነብ ሰው ጋር ምን ጨዋታ አለ?

እንደነሱ ያሉ ደባሪዎች የሚያነሱት ሌላም ወሬ አለ። የድሮዎቹ ላንድ ክሩዘርና ላንድሮቨር 7.50 አር16 የተባለውን ቀጭን ጎማ፣ 5.5 ወይም 6 ኢንች ወርድ ባለው ቸርኬ ላይ አድርገው ጭቃውንም ኮረኮንቹንም ሲወጡት ኖረዋል ይላሉ። ቀጭን ጎማ ስስ ጭቃን ሰንጥቆ ሥር ያለውን ጠንካራ መሬት ያገኛል ይላሉ። ሰፊ ጎማ ውሃ በተኛበት አስፋልት ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል ይላሉ። ክብደቱና ንፋሱ ያው ከሆነ መሬት የሚነካው ቦታ ብዙም አይጨምርም፤ ወደ ጎን የሰፋውን ያህል ወደ ፊት ያጥራል ይላሉ። ሁሉም ልክ ሊሆን ይችላል። ግን በቀጭን ጎማ ፎቶ ተነስቶ የተወደደ ሰው ማን አለ?

ስለ ሦስተኛው ጀግና ባጭሩ። ሰፊው ጎማ ከውስጥ በኩል ከጀርባው ያሉትን ብረቶች መፋቅ ሲጀምር ከቸርኬው ጀርባ የሚገባ ስፔሰር የሚባል ብረት ከቶ ጎማውን ወደ ውጭ ገፋው። አሁን ከውጭ በኩል የጭቃ መከላከያውን፣ ፓራፋንጎውን ይፍቃል። መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር «ግርርርጭ» ይላል። ባለቤቱ ምን ይላል? «ይለምደዋል።» ማን ማንን እንደሚለምድ አልነገረንም። ካልለመደው ደግሞ መጋዝ አለ። ጎማው ለመኪናው ካልሆነ መኪናው ለጎማው ይቆረጣል። ኩሽኔታው ያልተሠራበትን ሸክም ይሸከማል፣ መሪው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ከእጅ ሊያመልጥ ይታገላል። ጭቃው ከፓራፋንጎው አልፎ እስከ በሩ እጀታ ይደርሳል። በሩን የከፈተ እንግዳ ሁሉ እጁን እያየ የባለቤቱን ጀግንነት ይመሰክራል።

ስለ ፍጥነትም ምስጋና ይገባቸዋል። የ265/70 አር16 ቁመት 777 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። የ285/75 አር16 ደግሞ 834 ገደማ። ልዩነቱ ከ7 በመቶ በላይ ነው። መኪናው ይህን አያውቅም። እሱ የሚቆጥረው ዙር ነው። ስለዚህ በፊት ልክ የነበረ መቁጠሪያ አሁን 100 ሲል መኪናው 107 ይበራል። ትራፊክ ፖሊስ ሲያስቆመው ጀግናችን ንጹሕ ሕሊና አለው። «በ100 ነው የነዳሁት» ብሎ ቢምልም አልዋሸም፤ የዋሸው ጎማው ነው። ሞተሩ ያንን ከባድ ጎማ ለማስነሳት ያቃስታል። ፍሬኑም ለማቆም ያቃስታል። ባለቤቱ ግን «ድምፁ ወንዳወንድ ሆነ» ይላል።

ከሁሉም ከሁሉም የምወደው የመጠባበቂያ ጎማውን፣ የስኮርታውን ነገር ነው። አራቱ ሲቀየሩ ስኮርታው አልተቀየረም። ከመኪናው ሥር ያለው ቦታ አዲሱን ጎማ አልችልም አለ። ስለዚህ የተናቀው፣ የተሳቀበት የፋብሪካ ጎማ እዚያው ተንጠልጥሎ ቀኑን ይጠብቃል። ቀኑም ይመጣል። አንዱ ጎማ ሲተነፍስ ይወርድና ይታሰራል። አሁን መኪናው ላይ ሦስት 834 እና አንድ 777 አሉ። አንደኛው በሮጠ ቁጥር ሌሎቹ ይጎተታሉ፤ የግራና የቀኝ ጎማ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚያደርገው ዲፈረንሻል በመሃል ቁጭ ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲያስታርቅ ይውላል። ሰውየው በዚህ ላይ ፎር ዊሉን አስገብቶ ደረቅ አስፋልት ላይ ከነዳማ ኃይሉን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው ትራንስፈር ኬዝም ሽምግልናው ውስጥ ይገባል። ሽምግልና ደግሞ እንደምታውቁት አንዳንዴ ሽማግሌውን ይሰብራል።

እንዲህ እንዲህ እያለ የጥርሱ መሃል ተላጨ። ጎማዎቹ ለሽያጭ ወጡ። ሻጩ ሐቀኛ ሰው ነው። «10,000 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው የሄዱት» አለ። መቁጠሪያው ያለው ይህንኑ ነው። የቀረችውን 700 የቆጠረ የለም። ገዢው ጎማውን በጫማው ጫፍ ነካ ነካ አደረገው። ዳሩ ላይ ያለውን ጥርስ በጥፍሩ ለካ። ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ መሬት ያልነካ ስለሆነ የላስቲኩ ጭገር እንኳ አልረገፈም። ደስ አለው። ከዚያ እጁን ወደ መሃል አሻግሮ ዳበስ አደረገና ለስልሶ አገኘው።

«መሃሉስ?» አለ።

«መሃሉንማ መሬት እንጂ ሰው አያየውም» አለው ሻጩ።

አራቱንም ጫነለት።