ብር ብቻ ቢሆንማ
ስለ አዲስ አበባ የውሃ እጥረት የወጣው ጽሑፍ «ለአዳዲስ ግድቦች ገንዘብ ከተገኘ ውሃው ይመጣል» ያለው አልዋጥልህ አለኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም 4ኛ ፎቅ ነው። ለገዳዲ ግድብ ከእኛ ብዙም አይርቅም፣ ግን ውሃ የምናየው በፈረቃ፣ እሱም ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተን ነው። ለከተማው ውሃ የሚሰጡት ግድቦች፣ ለገዳዲም ገፈርሳም ድሬም፣ ያሉት ኦሮሚያ ክልል ውስጥ ነው። ገርቢና ሲቢሉ የሚባሉት፣ ስማቸውን ስንሰማ የኖርነው ግድቦችም የታሰቡት እዚያው ነው። ታዲያ ከተማውና ክልሉ አንድ ላይ ቁጭ ብለው ካላቀዱ፣ መሬቱን የሚለቀው ገበሬ ደህና ካሳ ካላገኘ፣ ግድቡ አጠገብ ላለው መንደርም ቧንቧ ካልደረሰው ብር ቢከመር ምን ዋጋ አለው? ከላይ በአስተያየትህ «ጉድጓድ መቆፈር ይበቃል» ላልከው ወንድሜ፣ የአቃቂ ጉድጓዶች እኮ ከተማው ዝቅ የሚልበት ቦታ ላይ ናቸው፤ ውሃው ሽቅብ የሚወጣው በፓምፕ ነው፣ መብራት ጠፋ ማለት ውሃም ጠፋ ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ከጋሪ እየገዛሁ የወሩ ቢል ግን አይቀርም (ይሄ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው)። በጀት ሲያዝ ለአሮጌ ቧንቧ ጥገናም ይታሰብ። እኛ ብሎክ ፊት ለፊት የፈነዳው ከፋሲካ ጀምሮ አስፋልት ላይ እየፈሰሰ ነው።