ጋሼ፣ አስተካከልኩልህ

የእህቴ ልጅ ባለፈው እሁድ "አንዲት ወረቀት ፕሪንት ላድርግ" ብሎ ኮምፒውተሬ ላይ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃ ቢቆይ ነው። ሲነሳ "ጋሼ፣ አስተካከልኩልህ" አለኝ። ምኑን ብዬ አልጠየቅኩም። ጥፋቱ ይሄ ነው።

ማታ ስከፍተው ፊደሉ ሁሉ ጉንዳን አክሏል። ስክሪኑ ከል ለብሷል። አረንጓዴው ኮረብታዬ የለም፤ በቦታው ጥርሱን ያገጠጠ መኪና ቆሟል።

ደወልኩለት። "ሪዞሉሽንህ ተበላሽቶ ነበር እኮ!" አለኝ፣ ከሞት እንዳተረፈኝ ሁሉ። ሪዞሉሽን የሚለው የስክሪኑን የነጥብ ብዛት ነው፤ የኔ ስክሪን በአግድም 1920፣ በቁመት 1080 ነጥብ አለው። ሲባዛ 2,073,600 መሆኑ ነው። እኔ ደግሞ ፊደሉ ይጉላልኝ ብዬ ለዓመታት 1280 በ720 አድርጌው ኖሬያለሁ። ነጥቦቹ ከፋብሪካ ተቆጥረው ነው የሚወጡት፤ ቁጥሩን ሲቀንሱት አንዱ የምስል ነጥብ በአንድ ተኩል የስክሪን ነጥብ ላይ መዘርጋት አለበት። ግማሽ ነጥብ ደግሞ የለም። ስለዚህ ጠርዙ ይደበዝዛል። ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የሚያናድደው። "ደግሞ አጠገቡ ሪኮመንድድ ይላል" ብሎ ጨመረልኝ። የሚመከረው ይሄ ነው ማለቱ ነው። ማነው ሪኮመንድ ያደረገው? ዓይኔን አይቶታል?

እናቴ ለእንዲህ ያለ ሰው የምትለው ተረት ነበራት፦ "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት።" ይህን ተረት እወደዋለሁ። ብዙ ሰው መጀመሪያውን ብቻ ብሎ ይተወዋል። ዋናው ነገር ግን ያለው ሁለተኛው ላይ ነው። ሳይጠሩት አቤት የሚል ሰው ቢበዛ ጆሮው ቀልቦ ይሆናል፤ ይታለፋል። ሳይልኩት የሄደው ግን መንገድ ጀምሯል። ምን ይዞ እንደሚመለስ አይታወቅም።

ልጁ ከየት እንዳመጣው አውቃለሁ። ከአባቱ ነው። የዛሬ አሥር ዓመት ገደማ አባትየው እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ "ኮንትሮልና ኦልትን ይዘህ የታች ቀስት ስትጫን ምን እንደሚሆን ታውቃለህ?" አለኝ። አላውቅም ነበር። አሳየኝ። ስክሪኑ ተዘቀዘቀ። ሳቅን። ወዲያው ስልክ ተደወለለትና ወጥቶ ሄደ። ይህ የቁልፍ ጨዋታ በሁሉም ኮምፒውተር ላይ አይሠራም፤ የኔው ከሚሠራባቸው መሆኑ! ሦስት ቀን ሙሉ ማውሱን ወደ ቀኝ ስገፋው ወደ ግራ ሲሄድብኝ፣ ወደ ላይ ሲሉት ሲወርድብኝ ከረምኩ። በአራተኛው ቀን መጥቶ ሲያየኝ ስክሪኑን ገልብጬ በመጻሕፍት ደግፌዋለሁ። "የላይ ቀስቱን መጫን እኮ ነው" አለ። ቤተሰብ በተሰበሰበ ቁጥር ይህችን ሳይተርክ አይነሳም። ስክሪኑን ማን እንዳዞረው ግን ተናግሮ አያውቅም። ይቅር አላልኩትም።

ወደ ኮረብታዬ ልመለስ። ያ ሥዕል አይደለም፤ ፎቶ ነው። ቻርልስ ኦሪር የሚባል ፎቶ አንሺ በጥር 1996 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ሶኖማ በሚባለው አካባቢ ሲያልፍ አይቶት አነሳው። ቦታው የወይን እርሻ ነበር፤ ወይኑን ተባይ ሲፈጀው ነቅለውት ነው ሣሩ የበቀለበት። በ2001 ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጋር ወጣ፤ ይሄው እኔም ጋ ደረሰ። ኤክስፒ ራሱ ጡረታ ሲወጣ ፎቶውን አስቀርቼዋለሁ። የተቀባ ነው የሚሉኝ አሉ። አንሺው ምንም አልነካካሁትም ብሏል፤ ለኔ ይበቃኛል። አሁን ያንን አንስቶ መኪና! የራሱ መኪና ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው።

ጥቁሩን ደግሞ "ዳርክ ሞድ ነው፤ ለዓይን ጥሩ ነው፣ መብራትም ይቆጥባል" አለኝ። እዚህ ላይ ቀልዱ አለቀ። እያንዳንዱ ነጥብ የራሱን ብርሃን በሚያወጣባቸው ስክሪኖች ላይ እውነት ነው፤ ጥቁር ማለት የጠፋ ነጥብ ማለት ነውና። የኔው ኤልሲዲ ነው። ከጀርባው ያለው መብራት እንደበራ ነው፤ ጥቁሩ ፊቱ ላይ የተጋረደ መጋረጃ ነው። ምኑን ቆጠበው? ዓይንም ቢሆን ጨለማ ሲያይ ብሌኑ ይሰፋል፤ እንደኔ ያለ መነጽር የማያይ ሰው ነጩ ፊደል ጢስ የለበሰ ይመስለዋል። ሰው የራሱን ዓይን ለሌላው ለምን ይገጥምለታል? ጫማዬን አላስተካከለልኝ፣ መነጽሬን አላስተካከለልኝ!

የኛ ፊደል ደግሞ ሲያንስ ጉድ ነው። "ቱ" እና "ቲ" የሚለዩት በአንዲት ጭረት ነው፤ አንዱ ጎኑ ላይ፣ ሌላው እግሩ ሥር። ሰኞ ዕለት ጓደኛዬ "ቤቱን አይቼ መጣሁ፤ በጣም ደስ ይላል" ብሎ ጻፈልኝ። የሚከራይ ቤት እየፈለገ ነው። እኔ ያነበብኩት "ቤቲን" ብዬ ነው። የሚስቱ ስም ቤቲ አይደለም። ግማሽ ቀን ስጨነቅ ዋልኩና "ተው፣ ልጆች አሉህ" ብዬ መለስኩለት። "ለነሱም ይበቃል፤ ሦስት ክፍል ነው" አለኝ።

በቃ፣ የድሮዬን ልመልስ ብዬ ገባሁ። 1280 በ720 ስል አንድ ሣጥን ብቅ አለ። ለውጡን ላቆየው ወይስ ልመልሰው ይላል መሰለኝ፤ 15 ሴኮንድ ይቆጥራል። መነጽሬን ፍለጋ ተነሳሁ። ስመለስ መልሶታል። ደገምኩት፤ ቀደመኝ። በሦስተኛው መነጽሬን አድርጌ ስቀመጥ ከሪዞሉሽኑ በላይ 100% የሚል ነገር አየሁ። 150% አደረግኩት። ፊደሉ ጎላ። ጎልቶም አልደበዘዘም፤ ቱም ቱ፣ ቲም ቲ። ሪዞሉሽኑ ልጁ እንዳስተካከለው ነው።

አልነግረውም። እሁድ ከመምጣቱ በፊት ኮምፒውተሩን አጠፋዋለሁ።