የአርሰናል ላቲን ምን በደለ?

ባለፈው ቅዳሜ ታክሲ ውስጥ የኤፍኤም ስፖርት እየሰማሁ ነበር። አንድ አድማጭ ደወለና የድሮው የአርሰናል አርማ ላይ ያለው ጽሑፍ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ። ጋዜጠኛው ሳቀ። «እሱ ከሮማውያን ዘመን የተረፈ የሞተ ቋንቋ ነው። በእንግሊዝኛ ‹ቪክትሪ ስሩ ሃርመኒ› ማለት ነው፣ በቃ። ማንም የማይገባው ነገር ማሊያ ላይ ምን ይሠራል? እንኳን አነሱት» አለ። ማስታወቂያ ገባ። እኔም ንዴቴን ይዤ ወረድኩ።

ከሮማውያን ዘመን? ወንድሜ፣ «ቪክቶሪያ ኮንኮርዲያ ክሬስኪት» የተጻፈው በፈረንጆቹ 1948 ነው። አርሰናል የ1947/48ን ሊግ ሲወስድ የክለቡን የጨዋታ ቀን መጽሔት ያዘጋጅ የነበረው ሃሪ ሆመር ነው የጻፈው። በዓመቱ አርማው ላይ ወጣ። ቄሳር አላየውም። ማይክ የያዘ ሰው ይህን ለማጣራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር።

እሱስ ይለፍ። እኔን ያንገበገበችኝ ያቺ «በቃ» ናት። ላቲኑን ወደ እንግሊዝኛ ከመለስን ሥራው አለቀ ማለት ነው? እንግሊዝኛው እኮ ግማሹን ነው የበላው!

ሦስት ቃል ነው። ቪክቶሪያ ድል ነው። ክሬስኪት ግስ ነው፤ «ያድጋል» ማለት ነው። ቁርስ ላይ የምንገምጠው ክሮሳን የዚሁ ግስ የልጅ ልጅ ነው፤ እያደገች ያለችን ጨረቃ ስለሚመስል ነው ስሙን ያገኘው። እንግሊዝኛው ይህን ግስ ዋጥ አድርጎት ቁጭ አለ። «ድል በስምምነት» ብሎ ተወው። ሆመር ግን ድል ቀስ እያለ የሚያድግ ነገር ነው ብሎ ነበር።

ኮንኮርዲያ ደግሞ ይብሳል። «ኮን» አብሮ ነው፤ «ኮር» ልብ ነው። ልብና ልብ ሲገጥም ማለት ነው። እንግሊዝኛው «ሃርመኒ» ብሎ ከልብ ወደ ሙዚቃ ወሰደው። እኛ ግን ቃሉ ከጥንትም እጃችን ላይ አለ። «በአንድ ልብ» እንላለን። ድል በአንድ ልብ ያድጋል። ይኸው፤ ልቡም አለ፣ ግሱም አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እያለ ላደገ ሰው ይህ ምን ይከብዳል? ለምንድን ነው ሁሌ በእንግሊዝኛ በር ዞረን የምንገባው?

የማንቸስተር ሲቲን ተመልከቱ። ከ1997 እስከ 2016 አርማቸው ላይ «ሱፐርቢያ ኢን ፕሮሊዮ» የሚል ነበር። በእንግሊዝኛ «ፕራይድ ኢን ባትል» ይሉታል። ያምራል። ችግሩ የእንግሊዝኛው «ፕራይድ» ኩራትንም ትዕቢትንም አንድ ላይ ጠቅልሎ መያዙ ነው። አማርኛ ግን ምረጥ ይልሃል። በላቲን ደግሞ ሱፐርቢያ በአብዛኛው ትዕቢት ነው፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ከሰባቱ ዋና ኃጢአቶች አንዱ አድርጋ የምትቆጥረው። የሮማ የመጨረሻው ንጉሥ ታርኲን «ሱፐርቡስ» የተባለውም ተመስግኖ አይደለም። እንግዲህ ሲቲዎች ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ደረታቸው ላይ «ትዕቢት በጦር ሜዳ» ለጥፈው ሲሮጡ ነበር። የእነሱን እንኳን ቢያነሱት አልከፋኝም።

«ማንም አይገባውም» ለሚለው ኤቨርተን ይመልስልኝ። በ2013 «ኒል ሳቲስ ኒሲ ኦፕቲሙም» የሚለውን ከአዲሱ አርማ አወጡት። ከምርጡ በታች የሆነ አይበቃም እንደማለት ነው። ደጋፊው እሳት ሆነ። ከ20 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ። ክለቡ ይቅርታ ጠይቆ አርማውን ለድምፅ አቀረበ፤ ጽሑፉም ተመለሰ። እነዚያ ሁሉ የላቲን መምህራን ነበሩ?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርማ ላይስ «ኵሎ አመክሩ ወዘሠናየ አጽንዑ» አይደል የሚለው? በግዕዝ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው አላየሁም። ታዲያ ይፋቅ? ማን ደፍሮ ይላታል!

አርሰናል በ2002 ላቲኑን ያነሳው ደግሞ ማንም ስላልገባው አይደለም። የድሮው አርማ የብዙ ዘመን ጥርቅም ስለሆነ በሕግ የክለቡ ብቻ ማድረግ አልተቻለም ነበር። ያለፈቃድ እንዳይታተም ነው ነገሩ። መርካቶ ስንት የአርሰናል ማሊያ እንደሚሸጥ ያየ ሰው የዕቅዱን ስኬት ራሱ ይፍረድ።

አውቃለሁ፤ የ2003/04ን ሊግ ያለ ሽንፈት የጨረሱት ላቲኑ ከተነሳ በኋላ ነው ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። ግን ቪዬራም፣ ኦንሪም፣ ቤርካምፕም፣ ፒሬስም የመጡት ላቲኑ እያለ ነው። አድጎ የደረሰውን ነው ያጨዱት።

ሰኞ ዕለት አሮጌ ቀይ ማሊያዬን ይዤ ስም የሚያትሙ ልጆች ጋ ሄድኩ። ሦስቱን ቃላት ጀርባው ላይ እንዲጽፉልኝ ወረቀት ሰጠኋቸው። ልጁ አገላብጦ አየው።

«ጋሼ፣ ይሄ አዲስ ፈራሚ ነው?»

«ኧረ የድሮ ነው፤ በ2002 ነው የለቀቀው» አልኩት።

«ስሙ ግን ረዘመ። እኛ የምናስከፍለው በፊደል ነው።»

ቆጠርነው። 24 ሆነ። ከፈልኩ።