አጎት ቶም ወገኑን አልከዳም

«አጎት ቶም የገዛ ወገኖቹን ለነጭ ጌታው አሳልፎ የሰጠ አድርባይ ነው» የሚል አስተያየት እዚህ ሲደጋገም አየሁ። ቶም የሚገኝበት «የአጎት ቶም ጎጆ» የተባለው የአሜሪካ ልቦለድ የሚለው ግን ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1852 በታተመው በዚህ የሃሪየት ቢቸር ስቶው መጽሐፍ በባርነት ያለው ጥቁሩ ቶም የሚሞተው አልናገርም ብሎ ነው። ካሲና ኤመሊን የሚባሉ ሁለት ሴቶች ከጌታው ከሌግሪ ይሸሻሉ። ቶም የተደበቁበትን ያውቃል። ሌግሪ ሲያፋጥጠው «አላውቅም» ብሎ እንኳ አይዋሽም። አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም ይላል። በዚሁ ተደብድቦ ይሞታል። ቀደም ሲልም አንዲት በባርነት ያለች ሴት እንዲገርፍ ታዞ እምቢ ብሏል።

ሽቁጥቁጡ ቶም በአብዛኛው የመጣው ታሪኩን ካጣመሙት የመድረክ ትርኢቶች ነው። ደራሲዋ ከልክ በላይ ታጋሽ አድርጋዋለች ብሎ መተቸት ይቻላል፤ እኔም እስማማለሁ። ከሃዲ ካልነው ግን ሌሎችን ላለማጋለጥ የሞተውን ሰው በአሳባቂነት መክሰሳችን ነው። ማረጋገጥ የፈለገ 40ኛውን ምዕራፍ ያንብብ፤ አጭር ነው።