ስቫልባርድ ያለ ቪዛ? መመለሻውንም አስቡ

«ስቫልባርድ ቪዛ አይጠይቅም፤ በብርዱ ወራት ሎንግየርብየን ከተማ ያሉ ወዳጆችን ለመጠየቅ ትኬት መቁረጥ ብቻ ነው» የሚለውን ብዙ ሰው ሲቀባበለው አያለሁ። ግማሹ እውነት ነው። የስቫልባርድ ደሴቶች በኖርዌይ ሥር ቢሆኑም ከሸንገን ቀጠና (በአንድ የጋራ ቪዛ ከሚገባባቸው የአውሮፓ አገሮች) ውጭ ናቸው፤ ራሳቸው ቪዛ አይጠይቁም። በረራው ግን የሚነሳው ሸንገን ውስጥ ካሉት የኖርዌይ ከተሞች ከኦስሎ ወይም ከትሮምሶ ስለሆነ ስትሄዱ ከሸንገን ትወጣላችሁ፣ ስትመለሱ እንደ አዲስ ትገባላችሁ። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ጊዜ የሚያስገባ የሸንገን ቪዛ ያስፈልጋል።

ፓስፖርታችሁ ላይ የተለጠፈውን ቪዛ አውጡና የመግቢያ ብዛት የተጻፈበትን ቦታ ተመልከቱ። 01 ከሆነ መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው ጣጣው፤ ያውም ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት መጀመሪያ ፀሐይ ከማትወጣበት ከተማ! የሸንገን አገር መኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ በእሱ ትመለሳላችሁ፤ ፓስፖርቱን ግን ቤት እንዳትተዉት። የስቫልባርድ ገዥ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይም ማረጋገጥ ይቻላል።